«ደህና ነን» እንዳትያት

ይድረስ ለውድ እኅቴ ለታንጉት፣ ጎንደር

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ውኃ ስትቀጂ የያዘሽ የወገብ ሕመም ለቀቀሽ? ቢምረው እንዴት ነው፣ እንደ ድሮው ሲስቅ ጎረቤት ደንግጦ ይወጣል? ልጃችሁ ጋድስ? ሁለት ዓመት ሳይሞላው በር ከፍቶ ይሮጣል ያልሽኝን ለክፍሌ ልጆች ሁሉ አውርቼ ጨርሻለሁ። አከራያችሁ፣ ጎረቤቶቻችሁ፣ በምኵራብ አጠገብሽ የሚቀመጡት ሴቶች ሁሉ እንዴት ናቸው? ናፍቆቴን ልዘርዝረው ብል ወረቀቱ አይበቃኝም፤ ይህን የሚያመጡልሽ ጎረቤታችን አቶ አንዳርጌ ደግሞ ሻንጣዬ ሞልቷልና ከአንድ ፖስታ በላይ አልይዝም ብለዋል። ሻንጣቸው የሞላው ግን በራሳቸው ሸሚዝ ነው፤ ጎንደር ሰርግ ያለ መስሏቸዋል።

እዚህ ላይ «እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን» ተብሎ እንደሚጻፍ አውቃለሁ። አያታችን አባባ ፍቅሬ ፊደል ሲያስቆጥሩኝ፣ ይህ ቃል የሌለበት ደብዳቤ ራስ የሌለው ሰው ነው ብለውኛል። ዛሬ ግን አልጽፈውም። ለምን እንደማልጽፈው ወደ ታች ስትደርሺ ይገባሻል። የሞተ ሰው የለም፤ ቁጭ ብለሽ ብቻ አንብቢው። እኔ ግን ከደነገጥኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም ትይኝ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ስልኩ መጥራት ሲጀምር እኅታችን የሺመቤት ከየት መጣች ሳይባል ትቀማኛለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አንቺ ታውቂዋለሽ። በስልክ ልጻፍልሽ ብልም ያንቺ ስልክ አማርኛ ሲላክለት ባዶ ሳጥን ነው የሚደረድረው። ስለዚህ በወረቀት አደረግኩት። የምጽፍልሽ ስለ የሺመቤት ነው። ከጀርባዋ አይደለም፤ ጻፊላት ያለችኝ ራሷ ናት።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ጋድ ትኩሳት ይዞት ሆስፒታል ያደረ ጊዜ ትዝ ይልሻል። የዚያን ዕለት የሺመቤት እዚህ አንዲት የታመመች ጓደኛዋን ጠይቃ መጥታ፣ እጇን ሳትታጠብ ካንቺ ጋር በስልክ አውርታ ነበር። በማግስቱ የጋድን መታመም ሰማን። እኛ አዝነን፣ ጸልየን፣ ሲሻለውም ደስ ብሎን አለፈ። ለእሷ አላለፈም። መጀመሪያ እጅ መታጠብ አበዛች። ቀጥሎ ጫማና ልብስ ደጃፍ ላይ ማውለቅ መጣ። ቀጥሎ እስከ ክንዷ ሰባት ጊዜ መታጠብ ሆነ። በመሀል ሰው ካናገራት ወይም ቧንቧውን በክርኗ ከነካችው ከአንድ ጀምሮ እንደገና።

አባባ ፍቅሬን መቼም ታውቂያቸዋለሽ። እስራኤል መጥተን አሽዶድ ከገባን ዘጠኝ ዓመታችን ነው፤ ዘጠኙንም ዓመት ያጉረመረሙት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ንጽሕና። እሳቸው ልጅ ሳሉ እናታቸው ከገበያ ስትመለስ፣ ከውጭ ሰው ጋር ተነካክታለችና፣ ወንዝ ወርዳ ልብሷንም ገላዋንም ሳታጥብና ፀሐይ ሳትጠልቅ ደጃፉን አታልፍም ነበር። እዚህ ግን ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነን፤ ወንዝ የለም። «ባሕሩስ?» ስላቸው «ጨው የሚነሰነሰው ለቆዳ ነው» ይሉኛል። ማዓሊት በሚሉት ሽቅብ በሚያወጣን ሳጥን ውስጥ በገባን ቁጥር ጋቢያቸውን ሰብስበው ጥግ ይይዛሉ፤ ሰውም የሚፈሩት መስሎት ሰላም ይላቸዋል፤ እሳቸው ግን ማንም እንዳይነካቸው ነው።

እንግዲህ እኒህ ሰው የሺመቤት ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ልብሷን ቀይራ፣ እስከ ክንዷ ስትታጠብ ሲያዩ ምን እንደሚሆኑ ገምቺ። «ይኸው! ዘጠኝ ዓመት ስለፈልፍ አንዲት ልጅ ሰማችኝ! ይህች የእናቴ ደም ናት!» ብለው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ምኵራብ ሄደው ለሽማግሌዎቹ ሁሉ አወሩ። ሮቫ ዩድ ከሚባለው ሰፈር ድረስ አሮጊቶች እየመጡ እንደ ሙሽራ አዩአት። አንዷማ የኔን ጥፍር አገላብጣ አይታ «አንቺስ ከማን ወጣሽ?» አለችኝ።

በሳምንቱ አባባ በሩ ላይ ወንበር አስቀምጠው፣ በፕላስቲክ ማስታጠቢያና በጆግ ሥራ ጀመሩ። የአየር ማረፊያ ፈታሽ እንደሳቸው አያስጨንቅም። «ጫማ! ካልሲ! ቦርሳውን ወደ በረንዳ! አንቺ ሹላሚት፣ እጅሽን የት ከትተሽው ነው የመጣሽ?» አባዬ ከወደቡ ሥራ ሲመለስ ደረጃው ላይ ሱሪውን አውልቆ እንደቆመ የፊት ለፊት ጎረቤታችን በሯን ከፈተች። ምን ይበል? «ሻሎም» አላት። እሷም «ሻሎም» ብላ በሯን ቀስ አድርጋ ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ማዓሊት ውስጥ ሲገናኙ ሁለቱም ጣሪያ ጣሪያውን ነው የሚያዩት።

እማ ደግሞ ለየሺመቤት ብቻ የሚሆን ብርጭቆ፣ ፎጣና ሳሙና ለየችላት። ልብሷን ለብቻ ታጥብላታለች። እንግዳ መምጣት ቀረ፤ እንግዳ ከመጣ የሺመቤት የተቀመጠበትን ሁሉ ስትወለውል ታድራለችና። አባዬ ዝም አለ፤ እሱ እንደሆነ ዝም ማለት ሙያው ነው። ሁላችንም «እንዳትጨነቅ» እያልን ያለችንን አደረግን። መልካም የሠራን መስሎን ነበር።

የኔን ልንገርሽና አትቆጪኝ። እኔ መጀመሪያ ሳቅሁባት። ከመታጠቢያ ቤቱ በር ኋላ ቆሜ፣ በጆሮዬ እየቆጠርኩ፣ ስድስት ላይ ስትደርስ «አሥራ አንድ!» ብዬ እጮህ ነበር። ቁጥሩ ይጠፋባትና ከአንድ ትጀምራለች። እኔ መሬት ላይ ተንከባልዬ እስቃለሁ። ስንት ጊዜ እንዳደረግኩት አላስታውስም፤ ብዙ ነው። በዚያን ጊዜ እዚያ ውስጥ እጇ እየደማ መሆኑን አላየሁም። በሩ ዝግ ነበር።

ያወቅነው በጓንት ነው። በዚህ አሽዶድ በሚቀልጥበት ሙቀት የሱፍ ጓንት አድርጋ ትምህርት ቤት መሄድ ጀመረች። መምህርቷ ወደ እማ ደወለች፤ እማ ደግሞ ስልኩን ለኔ ሰጠችኝ፤ በዚህ ቤት ዕብራይስጥ የሚናገር ስልክ ሁሉ የኔ ነውና። መምህርቷ ጓንቱን ስታወልቅላት ያየችውን ነገረችኝ። የዚያን ዕለት ማታ እማ በግድ አወለቀችውና ሁላችንም አየነው። እታለም፣ የሰው እጅ አይመስልም ነበር። መገጣጠሚያዎቿ ላይ ቆዳው ተሰነጣጥቆ ሥጋው ይታያል። የጻቫ ቀጠሮዋ ሊደርስ ሦስት ወር የቀራት ልጅ፣ ወታደር ልትሆን የተዘጋጀች ልጅ፣ ብርጭቆ መጨበጥ አትችልም። አባባ ፍቅሬ እንኳ «ይህ ሳሙና መጥፎ ነው፤ የድሮውን እንዶድ ባገኝላት» አሉ።

ሮቫ ሔት ካለው ኩፓት ሖሊም፣ ማለት ከሰፈሩ ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሙ ቅባት ጻፈላትና «ይህ የቆዳ በሽታ ግን አይደለም» ብሎ ወደ አንዲት ፕሲኮሎጊት ላካት፤ የሐሳብና የጭንቀት ሐኪም መሆኗ ነው፤ ኦርና ትባላለች። ቶር የሚሉት ቀጠሮ እዚህ አገር በወራት ነው የሚገኘው፤ አንድ ሰው በመቅረቱ ግን በሳምንቱ ገባን። አባባ ፍቅሬ እኔ ሳልኖር ማንም አይሄድም ብለው ከነከዘራቸው ተነሡ። አውቶቡስ ውስጥ የሺመቤት ወንበር ስለማትነካ ቆማ፣ አባባም ስለሷ ክብር ቆመው፣ እማ ሁለቱን ደግፋ፣ እኔ ብቻ ተቀምጬ ሄድን።

አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። አባባ ገና ሳይቀመጡ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ተክለው «ንጽሕና በሽታ ከሆነ ቆሻሻ ጤና ነው ማለት ነው? ጠይቂያት!» አሉኝ። እኔም ለኦርና «አያቴ በመተዋወቃችን ደስ ብሎኛል ይላሉ» አልኳት። ኦርና የአባባን ቅንድብ አየች፣ እኔን አየች። «ደስ ያለው ሰው እንዲህ አይመስልም። ያሉትን በትክክል ንገሪኝ» አለችኝ። ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እመለስበታለሁ በያቸው» አለች። አባባ በዚያች ሰዓት ትንሽ ወደዷት መሰለኝ፤ ጥያቄዎ ጥሩ ነው ያላቸው ሰው ከመጣን ጀምሮ አልነበረማ።

ከዚያ ወደ የሺመቤት ዞረችና «ሰባት ጊዜ ባትታጠቢ ምን የሚሆን ይመስልሻል?» አለቻት። የሺመቤት ጓንቷን አየች። ቀጥላ በዕብራይስጥ፣ በጣም ቀስ ብላ መለሰች። እማ ክንዴን ይዛ «ምን አለች? ምን አለች?» ትለኛለች። እኔ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ለዚህ ቤት ስተረጉም የኖርኩ ነኝ፤ የመብራቱን፣ የባንኩን፣ የወላጅ ስብሰባውን፣ ስለ ራሴ መጥፎ ጠባይ እንኳ (እሱን እያሳመርኩ) ተርጉሜያለሁ። ያን ጊዜ ግን አፌ አልከፈት አለኝ። ያለችው «ካልታጠብኩ ጋድ ይሞታል» ነበር።

እኔ ስቄባት ነበር፣ ታንጉት። ያንን ሁሉ ጊዜ እሷ እዚያ ውስጥ የልጅሽን ነፍስ ትቆጥር ነበር፤ እኔ ደግሞ በር ላይ ቆሜ «አሥራ አንድ!» እላለሁ።

ጭራሽ ያስደነገጠኝ ደግሞ የሚቀጥለው ነው። ኦርና «እውነት ይመስልሻል?» ብትላት፣ «አይ፣ ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ። እጄ አሽዶድ ነው፣ ልጁ ጎንደር ነው። ግን ቢሆንስ?» አለች። ማወቋ! እኔ እኮ ታምንበታለች ብዬ ነበር። አውቃውም ማቆም አትችልም። በሽታው ይህ ነው አለችን ኦርና። ስሙን ኦ-ሲ-ዲ ይሉታል፤ አስፈሪ ሐሳብ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሰውየውም ሐሳቡን ለማባረር አንድ ነገር ደጋግሞ እንዲያደርግ ይገደዳል። አንዱ ይታጠባል፣ አንዱ በር መቆለፉን ሃያ ጊዜ ያያል፣ አንዱ በልቡ ይቆጥራል ወይም ጸሎቱን ከመጀመሪያው ይደጋግማል። ከመቶ ሰው አንዱን ወይም ሁለቱን ይይዛል፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም በልጅነትና በጉርምስና ነው። እብደት አይደለም፣ እርግማን አይደለም፣ የእምነት ማነስም አይደለም። የጋድ ትኩሳት አላመጣውም፤ የነበረው ነገር መውጫ ያገኘው በዚያ በኩል ነው እንጂ።

እማ አልገባት ሲል ኦርና አሽዶድ ውስጥ ለሚኖር ሰው ሁሉ በሚገባ መንገድ ነገረቻት። ሮኬት ሲመጣ የሚጮኸው አዛካ አለ አይደል፤ ሲጮኽ ወደ መጠለያ እንሮጣለን። «የልጅሽ አዛካ ሮኬት ሳይኖር ይጮኻል» አለቻት። «መታጠቡ ወደ መጠለያ መሮጥ ነው። ስትታጠብ ጩኸቱ ጸጥ ይላል። ጸጥ ሲል፣ ያዳነኝ መታጠቤ ነው ትላለች። በማግስቱ ቶሎ ይጮኻል፣ እሷም የበለጠ ትሮጣለች። ሰማዩ ደህና መሆኑን የምታውቀው አንድ ጊዜ ሳትሮጥ ስትቀመጥ ብቻ ነው።» እማ ይህን ስተረጉምላት አለቀሰች። ባለፈው ጦርነት እኛን አቅፋ ደረጃ ስር ስትቀመጥ እንዳለቀሰችው ነው ያለቀሰችው።

ከዚያ ኦርና ወደ አባባ ፍቅሬ ጥያቄ ተመለሰች። «እናትዎ ከገበያ ሲመለሱ በቀን ስንት ጊዜ ይታጠቡ ነበር?» አለቻቸው። አባባም «አንድ ጊዜ ነዋ!» አሉ። «ከታጠቡ በኋላስ?» «በኋላማ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ አለቀ፤ ገብታ እራቷን ትሠራለች።» «ተመልሰው ወንዝ አይወርዱም?» አባባ ሳቁባት። «ለምን ብላ? ነጽታ? ሴትዮዋ ወንዝና ቤት ስትመላለስ ልትኖር ነው እንዴ?» እኔ ይህን ተርጉሜ ሳልጨርስ አባባ የራሳቸውን ቃል ሰሙት። ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቆመ። የሺመቤትን ጓንት አዩ። «ለዚህች ልጅ ግን ፀሐይ አልጠልቅ አለቻት» አሉ። ቀጥለው በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «ውኃውን የማፈስላት ደግሞ እኔ ነኝ» አሉ። እኔ በአባባ ላይ ስቀልድ ነው ያደግኩት፤ የዚያን ዕለት ግን ያሉትን ሳላሳምር ለኦርና ተረጎምኩላት።

ሕክምናው ሁለት ነው፤ ሁለቱንም ሰምተሽ ትደነግጫለሽ፤ እኔም ደንግጫለሁ። አንደኛው መድኃኒት ነው። ሌላ ሐኪም፣ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነው የጻፈላት። ጭንቀቱን ያረግበዋል፤ ግን እንደ ራስ ምታት ክኒን ዛሬ ውጠሽ ዛሬ አይደለም፤ ሁለት ወር ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አቅለሸለሻት፤ አሁን ትንሽ ተወት አድርጓታል። ሱስ አያስይዝም፣ ሐኪሙን ሳይጠይቁ ግን በራስ ፈቃድ አይቆምም ብለውናል። እማ «የእብድ መድኃኒት ትውጣለች» እንዳይባል ሣጥኑን ከዱቄት ዕቃ ኋላ ደብቃዋለች። የሺመቤት ደግሞ በየቀኑ እያወጣች ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች። እስካሁን ሁለቱም አልተሸነፉም።

ሁለተኛው ነው ጉዱ። በሽታዋ ቆሻሻ መፍራት ነው፤ ሕክምናዋም ቆሻሻ መንካት ነው። እውነቴን ነው! ከኦርና ጋር ሆነው መሰላል ጻፉ፤ ከታች ቀላሉን፣ ከላይ ከባዱን። የመጀመሪያው እርከን የገዛ ጫማዋን ነክታ ሳትታጠብ መቆየት ነበር። አባባ ፍቅሬ «ሐኪም ናት ወይስ ምን ናት?» አሉ። ማንም ግን አያስገድዳትም፤ እርከኑን የምትመርጠው ራሷ ናት፤ እኛም በአንድ ቀን ሁሉንም ነገር አልነጠቅናትም። ነክታ ትቀመጣለች፤ አዛካው ይጮኻል፤ እኔ በስልኬ ሰዓት እይዛለሁ። የመጀመሪያው ቀን አራት ደቂቃ ብቻ ቆየች። በሁለተኛው ሳምንት ሃያ አምስት ደቂቃ ስትቆይ ጩኸቱ በራሱ ዝቅ ሲል አየችው። «ሹላ፣ ወረደ! ሳልታጠብ ወረደ!» ብላ ጮኸች። ትናንት የማዓሊቱን ቁልፍ ተጫነች። ያመለጣትና አሥራ አራት ጊዜ የታጠበችበት ቀንም ግን አለ፤ ቀጥ ብሎ አይወጣም ብለውናል።

አባባ ከበሩ ሥራቸው ተሰናብተዋል። ጆጉ አሁን ቲማቲም ማጠጫ ነው። ወንበሩን ግን አላነሡትም፤ ጡረታ የወጣ ሰው መሥሪያ ቤቱን አልፎ አልፎ ይጎበኛል አይደል?

ለሁላችንም የከበደን ግን ሌላ ነው። ኦርና «አይዞሽ፣ ምንም አይሆንም» ማለት ከለከለችን። ታንጉት፣ አስቢው እስቲ! ለእማ ይህን መከልከል መተንፈስ መከልከል ነው። ኦርና እንዳለችው፣ የሺመቤት «ምንም አይሆንም አይደል?» ብላ ስትጠይቅና እኛ «አይሆንም» ስንላት፣ እሱም ያው መታጠብ ነው፤ በውኃ ፋንታ በአፋችን አጠብናት። ለጊዜው ትረጋጋለች፣ ከሰዓት በኋላ መልሳ ትጠይቃለች። ስለዚህ «ይከብዳል፤ አብረንሽ ነን» እንላለን እንጂ «ምንም አይሆንም» አንልም። እማ ቃሉ ሲመጣባት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትይዘዋለች።

አሁን ወደ አንቺ መጣሁ። ኦርና የሺመቤትን «ሌላስ ማንን ትጠይቂያለሽ?» ስትላት ያንቺን ስም ጠራች። በቀን አምስት ጊዜ፣ አንዳንዴ ስምንት ጊዜ እንደምትደውልልሽ አላውቅም ነበር። እማ «እኅቷ ናፍቃት ነው፤ እስራኤል ስንመጣ ያንቺ ፋይል ተለይቶ መቅረቱ አንጀቷን በልቶት ነው» ትል ነበር፤ አንቺም እንደዚያ መስሎሽ እንደነበር እገምታለሁ። ናፍቆትም አለበት፤ ውሸት አይደለም። ግን «ጋድ ደህና ነው? ትናንትስ? ሲተኛስ?» ስትልሽ፣ አንቺም በትዕግሥት «ደህና ነን፣ ሁላችን ደህና ነን» ስትያት፣ ይኸው ቃል ለእሷ ሰባተኛው መታጠብ ነበር። ጥፋተኛ ነሽ እያልኩሽ አይደለም። እዚህ ቤት ከአባባ ጆግና ከኔ ጩኸት ቀጥሎ የሚወቀስ ሰው ቢፈለግ ያንቺ ተራ ሩቅ ነው።

የምንለምንሽ ይህን ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ዓርብ ሰንበት ሳይገባ ትደውልልሻለች፤ በዚህ ተስማምታለች። የፈለጋችሁትን አውሩ፤ ስለ ቢምረው፣ ስለ አከራይሽ ምላስ፣ ስለ ጋድ ጥፋት ሁሉ። ግን «ጋድ ደህና ነው? በኔ ምክንያት አልታመመም?» ብላ ስትጠይቅሽ አትመልሺላት። «ይህን ጥያቄ አልመልስልሽም፤ ስለምወድሽ ነው» በያት። ዝም ብለሽ ስልክ አትዝጊባት፤ ወሬ ቀይሪ። ታለቅሳለች። «እንዲህ ጨካኝ ሆንሽ?» ትልሻለች። በመሀል ቀን ብትደውል ይጥራ፤ አታንሺው። ጋድ እውነት ከታመመ ለአባዬ ደውይ፤ እኛ እንነግራታለን እንጂ አንደብቃትም፤ መደባበቅ ተከልክሏል። አገር አቋርጣ ለምትደውል እኅት እንዳትመልሺላት መለመኔን እኔም አላምንም። ግን ጻፊላት ስትለኝ የሺመቤት ያለችኝን ልንገርሽ፤ «ሁላችሁም ብታቆሙና ታንጉት ካላቆመች፣ እኔ ወደ እሷ ነው የምሮጠው» ነው ያለችኝ።

መሰላሉ ላይ ከሁሉም በላይ የተጻፈው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ባልታጠበ እጅ የነካችውን ነገር ወደ ጋድ መላክ። ለእሱ የገዛችለት ካናቴራ ስምንት ወር ሙሉ በላስቲክ ታስሮ ቁም ሣጥን ላይ ያለው ለዚህ ነው። ኦርና ለሱ ገና ነው ብላ ነበር። ዛሬ ከሰዓት እኔ ይህን ስጽፍ የሺመቤት ከውጭ ገባች፤ የማዓሊቱን ቁልፍ፣ የደረጃውን ብረት፣ የመንገዱን በር ነክታ። ሳትታጠብ አጠገቤ ተቀመጠችና «እስክሪብቶውን ስጪኝ» አለችኝ። ከታች ያለው ጽሑፍ የእሷ ነው። ፊደሉ የተወላገደው አማርኛ ስለረሳች ብቻ አይደለም፤ እስክሪብቶውን በሁለት ጣቷ ጫፍ ብቻ ይዛ ነው የጻፈችው። ካናቴራውን ዛሬ አልቻለችም፤ ወረቀቱን ቻለች። አሁን በረንዳው ላይ ሁለት እጇን ከሰውነቷ አርቃ ይዛ ቆማለች፤ አሥራ ዘጠነኛ ደቂቃዋ ነው። አባባ ፍቅሬ ባዶ እጃቸውን አጠገቧ ቆመዋል። «አይዞሽ» አላሉም፤ ሁለት ጊዜ ሊሉ ጀምረው ሲተዉት ሰምቻለሁ። «ይከብዳል፣ አይደል ልጄ?» ነው የሚሏት።

ደብዳቤው ሲደርስሽ «ወረቀቱን ነካን፣ ምንም አልሆንንም» እንዳትያት። «ደረሰኝ» በያት፤ በቃ።

ለቢምረው ከልብ ሰላምታዬን ንገሪልኝ። ለአከራይሽ ለእማማ የሺና ለልጆቻቸው፣ ለምኵራቡ ሽማግሌዎች በየስማቸው ሰላም በይልኝ። አባዬ ሰላም ብሎሻል፤ በቃል አላለም፤ ደብዳቤ ልጽፍላት ነው ስለው ራሱን ነቀነቀ፤ አንቺ ትርጉሙን ታውቂዋለሽ። እማ ግንባርሽን ትስማለች፤ ቁጥራችሁ ደርሶ አውሮፕላን ማረፊያ ቆማ እስክትቀበልሽ ድረስ በየሰንበቱ ስምሽን ትጠራለች። አባባ ፍቅሬ ይመርቁሻል፤ ምርቃታቸው ረጅም ስለሆነ አቶ አንዳርጌ በቃል ያደርሱልሻል ብዬ ተገላገልኩ። ጋድን ለኔ ጉንጩን ቆንጥጪልኝ።

እኅትሽ ሹላሚት
አሽዶድ፣ ሮቫ ዩድ-አሌፍ
ሰኔ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. በናንተ፤ በእኛ 2016

ታንጉት እኔ ነኝ። እጄን አልታጠብኩም። እንዴት ናችሁ ብዬ አልጠይቅሽም። ጋድን ይህን ወረቀት በያዝሽበት እጅሽ አቅፈሽ ሳሚልኝ።
የሺመቤት